«ትምህርቱ ይጠጣል?»

ፕራግ፣ ቼኮስሎቫኪያ
መስከረም 26 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ ጽጌሬዳ፣
አርባ ምንጭ

እንደምን ከርመሻል? አዲሱ ዓመት የጤናና የጥጋብ ይሁንልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ግን ገና ከአሁኑ ጆሮዬን መቆንጠጥ ጀምሯል።

እትዬ፣ ወደ ጉዳዬ ሳልገባ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም እንዳታወሪብኝ። አባቴ እዚህ የምማረው ዳቦ መጋገር ነው ብለው ያምናሉ።

እንዴት ብትይ፣ ስንላክ ወረቀታችን ላይ የተጻፈው «የምግብ ኢንዱስትሪ» ነበር። እዚህ ስንደርስ አንዳንዱ ለወተት፣ አንዳንዱ ለብስኩት ተመደበ፤ እኔን ለቢራ ጠመቃ አደረጉኝ። መርጬው አልነበረም፤ እያደር ግን ወደድኩት። ለአባቴ «ስለ ገብስ እማራለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ይሄ ውሸት አይደለም። እሳቸው ደግሞ «ልጄ የፈረንጅ ዳቦ ሊያመጣልን ነው» ብለው ለጨንቻ ሰው ሁሉ አወሩ። ኋላ ነጭ ካፖርት ለብሼ ከአንድ ትልቅ የመዳብ ጋን አጠገብ የተነሳሁትን ፎቶግራፍ ላክሁላቸው። እናቴ «ሊጡን የሚያቦካበት ነው» ብለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

አባቴን ታውቂያቸዋለሽ። ጌታን ካገኙ ወዲህ የገብስ ጠላችን፣ ፓርሶ፣ በደጃቸው አያልፍም። ሠርግ ላይ እንኳ ቅሉ ወደ እሳቸው ሲዞር ተነስተው ይወጣሉ። በዚያ ቤት ያደግኩ ልጅ በመሆኔም እኔ የቢራ ተማሪው ፓርሶ ቀምሼ አላውቅም! መምህሬ «ያገርህ የገብስ መጠጥ ምን ምን ይላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምንሽ። አንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ ደጋው ውጪልኝ። ዶርዜ ጓደኛዬ ሸማኔው ዳና አለ፤ እነሱ ቤት ታድሪያለሽ፤ ሚስቱ ዘሪቱ እንግዳ ትወዳለች። በእኔ ፈንታ ያገሩን ምግብና መጠጥ ቅመሽና ጻፊልኝ። ሁለተኛው፣ አባቴ ቤት ጎራ በይና ሁኔታቸውን አይተሽ ንገሪኝ። በሐምሌ ስመለስ የምመደበው ቢራ ፋብሪካ ነው። ይህን ሲሰሙ ደጃቸውን ይዘጉብኝ ይሆን? አደራ፣ አንቺ ግን አትንገሪያቸው። አባትሽና እናቴ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ ዝምድናችን ትንሽ ቢርቅም ሚስጥሬን የምጥለው አንቺ ላይ ነው። ሞኝነት እንደሆነም አልጠፋኝም።

ታናሽ ወንድምሽ ማቴዎስ ደግፌ


ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ኅዳር 7 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ማቴዎስ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐይቁም እንዳለ ነው፣ አዞውም እንዳለ ነው፣ የቢሮአችን ሥራ አስኪያጅም እንደ አዞው አሁንም ያንቀላፋል። ይህን ደብዳቤ ካንተ ቀድሞ የሚያነብ ሰው ካለም ለእሱ ጤና ይስጥልኝ ብያለሁ።

«ለማንም እንዳታወሪብኝ» ያልከው ግን አስቀይሞኛል። እኔ መቼ አወራለሁ? ሰው ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ እንጂ።

በል ትምህርትህን ጀመርኩልህ። ቅዳሜ ማለዳ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ፣ ወረድኩና ለመንገዱ ስንቅ እንዲሆነኝ ኩርኩፋ በላሁ። ረስተኸው ከሆነ፣ ያ በቆሎው እየተድቦለቦለ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለው። ከዚያ ከጭነት መኪና ጋቢና አንድ ቦታ ለመንኩ። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ እየቀረ፣ ጉሙ እየወረደ፣ እኔም በአርባ ምንጭ ቀሚሴ እየተንቀጠቀጥኩ ጨንቻ ገበያ ደረስኩ። ዳና ቆሞ ይጠብቀኛል። ወፍሯል፤ እንደነገርኩህ እንዳትነግረው። ገና ሲያየኝ ከትከሻው ቡልኮውን አውርዶ ጠቀለለኝና «እትዬ፣ ሰው ወደ ጨንቻ እንዲህ ተራቁቶ ይመጣል?» አለኝ።

በቀጥታ ወደ ስመኝ ፓርሶ ቤት ወሰደኝ። ስመኝ ወገቧን ይዛ የምትስቅ፣ ሰውን ሁሉ የምትሰድብ፣ ሰውም ሁሉ የሚወዳት ሴት ናት። «ለትምህርት ነው የመጣሁት» ብላት «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ተመርቆ የወጣ ግን አላየሁም!» አለችኝ። አጠማመቁን ግን አልደበቀችኝም። ገብሱን ታረጥበዋለች፣ ቡቃያ እስኪያወጣ ሸፍና ታስቀምጠዋለች፣ አድርቃ ትፈጨዋለች፤ ይሄ ብቅሉ ነው። ከሌላ የገብስ ዱቄት ቂጣ ጋግራ ትፈረፍርና ከብቅሉ ጋር በጋን ውስጥ ትጥለዋለች። ወፍራም ነው፣ ይሞቃል፤ መጀመሪያ እንደ እርሾ ጎምዘዝ ይላል፣ ኋላ የተቆላ ገብስ ጣዕም ምላስ ላይ ይቀራል። ለመምህርህ እንዲህ በለው።

አንድ አቶ ሀይሌ የሚባሉ ሽማግሌ ደግሞ ቅሉን ይዘው መጡና ጉንጫቸውን ከጉንጬ አጋጠሙ። እኔ ደነገጥኩ። ዳና «ከአንድ ቅል እኩል መጠጣት ነው፣ ወዳጅነት ነው፣ እንዳትመልሺ!» አለኝ። አቤት ጺማቸው! ግማሹ በአንገቴ ወረደ። ሰውዬው «ጎበዝ ናት፣ ድገሟት!» አሉ። ደገሙኝ።

ከዚያ ዶርዜ ወረድን። ዘሪቱ በዚያ የዝሆን ፊት በሚመስለው የቀርከሃ ቤታቸው ውስጥ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ጋግራ ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረበችልን። እኔ ዳጣውን እንደ ወጥ መስሎኝ ሙሉ ጉርሻ ነክሬ ዋጥኩት። ቃሪያው፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ አንድ ላይ ነደደብኝ። «እትዬ፣ በጫፉ ነው እኮ!» አለች ዘሪቱ እንባዬን እየጠረገችልኝ። ጎረቤቶቹም አረቄ ይዘው መጥተው ለምርቃት «ዮ! ዮ! ዮ!» እያሉ አስጨበጨቡን።

አባትህና እናትህ ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

እህትህ ጽጌሬዳ


ፕራግ
ጥር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ ጽጌሬዳ፣

የጌታ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። የገናን በዓል በደህና እንዳሳለፍሽ ተስፋ አለኝ። ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ አነበብኩት! ስለ ፓርሶው የጻፍሽውን ለመምህሬ ተርጉሜለት «ይህቺ ሴት የት ነው የተማረችው?» አለኝ።

እኔም ባለፈው ሳምንት በተራዬ ጓደኛዬን ባዘዘውን ልጠይቅ በባቡር ሄጄ ነበር። ትንሽ ከተማ ነው የሚማረው። እዚህ ትንሹም ከተማ የራሱ ጠመቃ ቤት አለው፤ እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን በሚቆምበት በመሐል አደባባዩ ላይ ነው የሚሠሩት። በየመጠጥ ቤቱ «የኛን ቀምሰህ የጎረቤት መንደሩን ድፋው» ይሉኛል። የዝይ ሥጋ ከጎመንና ከተቀቀለ ድቡልቡል ሊጥ ጋር አቀረቡልን፤ ሊጡን ስቀምስ ኩርኩፋ ትዝ ብሎኝ ለባዘዘው ያንቺን ደብዳቤ አነበብኩለት። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

ከዚያ ግን ባዘዘው አንድ ነገር ጠየቀኝና ሳቄ ቆመ። «ስለ ጺሙ ይህን ያህል የጻፈች ሴት ስለ አባትህ እንዴት አንድ መስመር ብቻ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከስመኝ ቤት ወጥታችሁ ዶርዜ ስትወርዱ የአባቴ ቤት መንገዱ ላይ ነው። አልፈሽው ሄድሽ ብዬ አላምንም። እትዬ፣ ምን ሆነ?

አባቴ በየወሩ በአስተማሪው በአስናቀ እጅ ያስጽፉልኝ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ምንም አልመጣም። እዚህ አንድ ዓመት ጨምሬ እንድቆይ ጠይቀውኛል፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ መልስ እሰጣለሁ። ደጃቸው ከተዘጋብኝ ለምን እመጣለሁ? እውነቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ማቴዎስ


ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
የካቲት 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ማቴዎስ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን። አንተ እንኳ አትጾምም፤ ብቻ ሰላም ይስጥህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ብዕር አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ባዘዘው የሚባለው ሰው ግን ምን አገባው?

እሺ፣ እንካ። ከስመኝ ቤት ስወጣ ደህና ነኝ ብዬ ነበር። አባትህ ቤት ስንደርስ ጋሽ ደግፌ ደጅ ድረስ ወጥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። እናትህ ትኩስ ወተት አመጡልኝ። ፎቶግራፍህ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል፣ ዙሪያው በወረቀት አበባ ተሽሞንሙኗል። እኔም ጨዋ ሆኜ ቁጭ አልኩ። አፌን ከፍቼ «ማቴዎስ...» ስል ስቅታ ያዘኝ።

«ማን ይሆን የሚያነሳሽ?» አሉ እማማ አገርነሽ።

«ማቴ... ሂቅ!»

«ይሄው፣ ልጄ ነው ያነሳት!» ብለው ደስ አላቸው። ውሃ ሰጡኝ። ጀርባዬን መቱኝ። ዳና ወደ ጣሪያው እያየ ከንፈሩን ነከሰ። ስቅታው ሲብስ ጋሽ ደግፌ ጠጋ አሉ፤ ያኔ ትንፋሼ ደረሳቸው መሰለኝ።

«ልጄ፣ የት ዋልሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ማቲዬ፣ ብዙ መልስ ነበር። ገበያ ውያለሁ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን «የማቴዎስን ትምህርት ስቀምስ!» አልኩ።

ስቅታዬ እንኳ ቆመ። ጋሽ ደግፌ አዩኝ፣ ዳናን አዩት፣ ግድግዳውን አዩት። ከዚያ «ትምህርቱ ይጠጣል?» አሉ።

ከዚያ በኋላማ ምኑን ልደብቀው! ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋኑ የሊጥ እንዳልሆነም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ምናለ አልኩ በልቤ። ተነስተው ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረዱ፣ በር ላይ ወስደው በብርሃን አዩት፣ በብብታቸው ይዘውት ወጡ። እናትህ «ሂጂ ልጄ፣ መሽቶባችሁ በመንገድ እንዳትቸገሩ» አሉኝ። ወተቱን እንኳ አልጨረስኩትም።

ይህንን ነው ያልጻፍኩልህ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና እወጣለሁ። የምትጨምረውን ዓመት እስከዚያ አትፈርም።

እህትህ ጽጌሬዳ


ፕራግ
መጋቢት 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእትዬ ጽጌሬዳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አልተቀየምኩሽም። መጀመሪያ ስቄ ነበር፤ ከዚያ ፎቶግራፉን በብብታቸው ይዘው ሲወጡ ታየኝና ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

ከእንግዲህ ስለ ምግብም ስለ መጠጥም አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፦ እቤታቸው ቦታ አለኝ ወይ? የሚሉትን ሳትጨምሪና ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። «የለውም» ካሉም እንዳለ ጻፊው።

ማቴዎስ


ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ማቴዎስ፣

እንኳን ከብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ! ጤናህን እንኳ ሳልጠይቅ ወደ ወሬው ልግባ።

ቅዳሜ ወጣሁ። ምንም አልቀመስኩም፤ ውሃ እንኳ እየፈራሁ ነው የጠጣሁት። እቤት ስደርስ እናትህ ብቻቸውን ናቸው። «ገበያ ወርዷል» አሉኝ፤ አነጋገራቸው አላማረኝም። ወረድኩ። የስመኝ በር ላይ ሰው እንደ ሠርግ ተሰብስቦ አንገቱን ያስግጋል። «ምንድን ነው?» ብል አንዷ ሽንኩርት ሻጭ «ጋሽ ደግፌ ፓርሶ ቤት ገቡ! ወደ ጥንቱ ተመለሱ!» አለችኝ። ሰውን እየገፋሁ ገባሁ።

አባትህ መደቡ ላይ ጀርባቸውን አቅንተው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አንድ ኩባያ ውሃ አለ። ስመኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድብ ጠፍቷት ቆማለች።

«ጋሼ፣ ቤት ተሳሳቱ እንዴ?»

«አልተሳሳትኩም። የልጄን ትምህርት ቤት ለማየት ነው የመጣሁት» አሉና ፎቶግራፉን ሰጧት።

ስመኝ አየችው። «ይሄ ሁሉ ጋን ነው? ወይኔ ሰውዬው! እኔ ይሄ ቢኖረኝ ጨንቻን ከነከብቱ አጠጣው ነበር!» ስትል ቤቱ ትንሽ ሳቀ። አባትህ ግን አልሳቁም። ብቅሉን አሳዪኝ አሉ፣ አሳየቻቸው። በመዳፋቸው አገላበጡት፣ አሸተቱት። ገበሬ አይደሉ? ጥያቄያቸው ሁሉ የገበሬ ነው፤ ስንት ቀን ይረጥባል፣ ብርድ ሲሆን እንዴት ይበቅላል። ወዲያው ደግሞ «ጥሩ ገብስ ነው። ከማን ነው የምትገዢው?» አሉ።

ማቲዬ፣ ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ስመኝ መቀነቷን ስታጠብቅ ቆየችና «ከእርስዎ ነዋ!» አለች። «እማማ አገርነሽ ገበያ ያወጣሉ፣ እኔ እገዛለሁ። ስንት ዘመኑ! የሌላው ገብስ ግማሹ ይበቅላል ግማሹ ይሰንፋል፤ የእርስዎ አንድ ላይ ነው ብድግ የሚለው።»

«አገርነሽ ታውቃለች?»

«እሱን እንኳ እኔን አይጠይቁኝ።»

ያ ጺማሙ ወዳጄ አቶ ሀይሌ ከጥግ ሆነው «ደግፌ! አንተ እኮ ሳትጠጣ ስታጠጣን የኖርክ ሰው ነህ!» ብለው ጮኹ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አባትህን ነው የማየው። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ብቅሉን ከመዳፋቸው ወደ ቁናው መለሱት፣ አንዲት ፍሬ እንኳ መሬት እንዳትወድቅ ተጠንቅቀው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ተነሳሁ። እየሳቁ ነው! «እንግዲህ ልጄን በየትኛው አፌ ነው የምቆጣው?» አሉ።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። እሁድ ማለዳ እነዚያ የአባትህ የእምነት ጓደኞች፣ እሁድ እሁድ «ታማሚ ሊጠይቁ» የሚመጡት፣ እቤት መጥተው ቁጭ አሉ፤ የገበያው ወሬ ቀድሟቸዋል። አንደኛው «ሽማግሌያችን መጠጥ ቤት ተቀመጠ ሲባል ምን እንበል?» አሉ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ፤ ሆን ብዬ አይደለም፣ እዚያ ነው ያስቀመጡኝ። አባትህ እንዲህ መለሱ፦ «ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። መጠጥ አልጠጣም፣ በቤቴም አይገባም። ገብስ መዝራት ግን አልተውም። ልጄንም አልተውም። የሚከፋው ካለ ለእኔ ይጸልይልኝ።» ሰዎቹ ተያዩ። አንዳንዱ ቅር እንዳለው ሄደ፤ አንዱ ግን በሩ ላይ ተመልሰው «መቼ ነው ልጁ የሚመጣው?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄህን ጠየቅኳቸው። ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦ «ይምጣ። መኝታው እንዳለ ነው። ያልነገረኝን ግን በራሱ አፍ ይንገረኝ፤ በሰው አፍ አይደለም።» ይህን ሲሉ ወደ እኔ አዩ። ዳቦው በመቅረቱ ያዘኑት እናትህ ብቻ ናቸው።

በል ና።

እህትህ ጽጌሬዳ


ጨንቻ
ሐምሌ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ ጽጌሬዳ፣
ሴቻ

እዚህ ካንቺ ቤት በላይ፣ ጉሙ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ዝናቡ መንገዱን አጭቅይቶት መኪና ስለማይወርድ ነው እንጂ በአካል መጥቼ ነበር የምነግርሽ፤ ይህን ወረቀት በእግር ለሚወርድ ሰው ሰጥቼዋለሁ።

አባቴ አስፋልት እንደሚጠብቅ ሰው ጭቃው መሐል ቆመው ጠበቁኝ። ሳሙኝ፣ ሻንጣዬን ነጠቁኝ። እራት ሳይቀርብ ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ምደባ ጀምሬ፣ «ስለ ገብስ» ብዬ የጻፍኩትን፣ ሊጥ ሲባል ዝም ያልኩትን ሁሉ። እሳቸው አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ «መዋሸትህ ከፍቶኛል» አሉ። «ከፍቶኛል» ብለው ደገሙት። ቆይተው ደግሞ «እዚያ አገር ገብሱ ቁመቱ እስከ የት ነው?» አሉኝ። እትዬ፣ እኔና አባቴ ስለ ገብስ እስክንጠግብ አወራን። እንዲህ አውርተን አናውቅም።

ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተፈታ ማለቴ አይደለም። ሰኞ አዲስ አበባ ፋብሪካው ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ፤ አንዳንዶቹ ምእመናን አሁንም ሰላም ሲሉኝ እጃቸው ይቀዘቅዛል። ትናንት ግን አባቴ «ልጄ የሚውልበትን ቤት በዓይኔ ሳላይ ዝም ብዬ አልመርቅም» ብለው ተነሱ። ቅዳሜ እስከ ዋናው መንገድ በእግር ወርደን አብረን እንሄዳለን! እናቴም አብረውን ይመጣሉ በይ፤ ፋብሪካው ለእንግዳ የሚያቀርበው ቢራ ብቻ ከሆነ ብለው የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ ቃሪቦ፣ በጀሪካን አዘጋጅተዋል። አባቴ ከፋብሪካው ኃላፊ ጋር ሊነጋገሩ ጥያቄ ይለማመዳሉ። የመጀመሪያው «ገብሱን የምትገዙት ከየትኛው ገበሬ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛውን አልነግርህም ብለውኛል።

በሩ ላይ ደርሰው ይገቡ ወይም ይመለሱ እንደሆነ አላውቅም። ከገቡም ኃላፊው ብርጭቆ ሲዘረጋላቸው ምን እንደሚሆኑ እያሰብኩ እፈራለሁ፣ እስቃለሁም። ብቻ ያን ዕለት እዚያው አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ በሩ ላይ የሆነውን፣ ሁለተኛውን ጥያቄና የኃላፊውን መልስ ሳላስቀር እጽፍልሻለሁ። አንቺም ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ደብዳቤዬ እስኪደርስሽ ድረስ ለሲቀላ ሰው ምንም አትመልሺ።

ወንድምሽ ማቴዎስ ደግፌ